ፍጥሞን በእግር፦ ከስካላ ወደብ እስከ ራእዩ ዋሻ

[ምስል፦ ሌሊት። የመርከብ መብራት ወደ ወደብ ሲቀርብ]

ትኬት ቆራጩን «ፍጥሞ» ብትሉት አይገባውም። በዮሐንስ ራእይ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዚህ ስም የምናውቃት ደሴት በግሪኮች አፍ ፓትሞስ ናት። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት መግቢያው ባሕር ብቻ ነው።

ከአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ሦስተኛው የሜትሮ መስመር ባቡር ሳያስቀይር ፒሬዎስ ወደብ ያደርሳል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሜትሮው ወጥቶ ባሕሩን ሲያይ የደረሰ ይመስለዋል። የፓትሞስ መርከብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው «ኢ 1» ከሚባለው በር ነው፤ እሱ ደግሞ የወደቡ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሻንጣ እየጎተቱ ከመልፋት በግቢው ውስጥ የሚመላለሰውን ነጻ አውቶቡስ መጠበቅ ይሻላል። ሰዓቱንም ልብ በሉ፦ ትኬቱ ላይ 15:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

መርከቡ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጓዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም እኩለ ሌሊት ግድም ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መኝታ ሳይያዝ አይኬድም። ወደቡ ላይ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የደሴቱ ስም ሲጠራ ሻንጣችሁን ይዛችሁ መኪና ወደሚጫንበት ወለል ውረዱ። እንቅልፍ የጣለው ሰው የሚነቃው ሌላ ደሴት ላይ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሣል። ሲበረታ መርከብ ይቀራል፤ ቀድመው የሚቀሩት ፈጣኖቹ ናቸው። ከደሴቱ በምትወጡበት ቀን የአውሮፕላን በረራ አትያዙ፤ በመካከል አንድ ቀን ይኑራችሁ።

[ምስል፦ ንጋት። ነጫጭ ቤቶች፣ ከላያቸው ግራጫ ምሽግ]

ወደቡ ስካላ፣ ኮረብታው ላይ ያለው አሮጌ ከተማ ኾራ ይባላል። ሐዋርያው ዮሐንስ ራእዩን ያየበት የሚባለው ዋሻ በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ወደ ላይ በአውቶቡስ፣ ወደ ታች በእግር! አሮጌው የድንጋይ መንገድ ከኾራ በዋሻው በኩል አልፎ ስካላ ያወርዳል። ድንጋዩ በብዙ እግር ተሞርዶ ይንሸራተታል፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም።

ምሽግ የመሰለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ነው። በ1088 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መነኩሴው ክርስቶዱሎስ ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን ተቀብሎ መሠረተው። ግንቡ እንዲህ የገዘፈው ባሕሩ የወንበዴ መመላለሻ ስለነበረ ነው፤ በበሩ አናት ላይ በጠላት ራስ ላይ የፈላ ነገር የሚፈስበት ቀዳዳ አሁንም አለ። በ1453 ከቁስጥንጥንያ፣ በ1669 ከቀርጤስ የተሰደዱ ሰዎችም በዚሁ ግንብ ዙሪያ ሠፈሩ። መተላለፊያዎቹ እጅግ ጠባብና ጥምዝምዝ ናቸው። ብትጠፉ አትደንግጡ፤ ወደ ላይ የሚወጣውን ከተከተላችሁ ገዳሙ ጋ ትደርሳላችሁ።

ሙዚየሙን አትለፉት። የብራና መጽሐፍ ለሚያውቅ ሰው እዚያ የሚያስቆም ነገር አለ፦ ሐምራዊ ቀለም የተነከረ ብራና፣ ላዩ ላይ በብር የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል፣ የስድስተኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። ገዳሙ ያለው 33 ቅጠል ነው፤ የቀረው አብዛኛው በሩሲያ ይገኛል። አሌክሲዮስ የሰጠው የ1088 ድንጋጌም እዚያው ነው።

[ምስል፦ ወደ ዋሻው የሚወርድ ደረጃ]

አሁን ወደ ዋሻው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ቁምጣ የለበሰ ወንድ ይመለሳል። ለሴቶች ረዘም ያለ ቀሚስና ነጠላ ይበቃል። ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው።

በደረጃው ስትወርዱ አንዱ ግድግዳ የሰው ሥራ፣ ሌላው ያልተጠረበ ዐለት የሆነ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። ወደ ዐለቱ ዙሩ። ከወለሉ አጠገብ ዙሪያው በብር የተከበበ ጎድጓዳ አለ፤ በትውፊቱ ሐዋርያው ራሱን ያሳረፈበት ነው። ሲነሣ የተደገፈበት የሚባለው ትንሹ ቀዳዳ ከእሱ ከፍ ብሎ ይታያል። ጣሪያው ላይ ለሦስት የተሰነጠቀው ዐለት የሥላሴ ምሳሌ ይባላል። የሐዋርያው ደቀ መዝሙር ጵሮኮሮስ ራእዩን ቆሞ የጻፈበት የሚሉት ዘቅዘቅ ያለ ድንጋይም አለ፤ ቁመቱ በእርግጥም ለመጻፍ ይመቻል።

ቦታው ጠባብ ነው፤ የሽርሽር መርከብ ሰው ካራገፈ መቆሚያ አይገኝም። ነገ መርከብ እንዳለ ያረፋችሁበትን ቤት ጠይቁ። ካለ ቅደም ተከተሉን ቀይሩ፦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግድም ዋሻው ሲከፈት ግቡ፣ ኾራን ለኋላ አቆዩት። ከሰዓት በኋላ ያለው ሰዓት በየቀኑ ስለሚለያይ አትተማመኑበት።

ለኦርቶዶክስ ተመልካቾቻችን አንድ ነገር፦ ሻማ ማብራትና ሥዕል መሳለም ትችላላችሁ፤ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ከኛ ጋር በቁርባን አንድ ስላልሆነች ግን ሥጋ ወደሙ አትቀበሉም። የሁለታችን ፋሲካ በአንድ ቀን ይውላል። በጸሎተ ሐሙስ የኾራ አደባባይ ላይ አበምኔቱ የዐሥራ ሁለት መነኮሳትን እግር በሕዝብ ፊት ያጥባል። በዚያ ሳምንት ኾራ ውስጥ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው፤ ስካላ ያዙ፣ ካፖርትም አትርሱ፤ ኮረብታው ላይ ነፋሱ ገና ቀዝቃዛ ነው።