የመራጩን ዓይን የሚመራው ማን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ታዳሚዎች፣

እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በ2010 አሜሪካውያን የምክር ቤት አባላትን በመረጡበት ዕለት፣ 61 ሚሊዮን ያህል የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ሳያውቁት የአንድ ሙከራ አካል ሆኑ። ገጻቸውን ሲከፍቱ አናቱ ላይ አንድ መልእክት ይጠብቃቸዋል። ዛሬ የምርጫ ቀን ነው ይላል፤ የምርጫ ጣቢያቸው የት እንደሆነ የሚያሳይ ሊንክ አለው፤ «መርጫለሁ» የሚል ቁልፍም አለው። ከሥሩ ቁልፉን ቀድመው የተጫኑ ጓደኞቻቸው ፎቶ ተደርድሯል፣ ቢበዛ ስድስት ፊት። ጥቂቶች ይህንኑ መልእክት ያለ ፎቶ አዩ፤ ሌሎች ጥቂቶች ደግሞ ጭራሽ ምንም አልታያቸውም። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ማን በእርግጥ ድምፅ እንደሰጠ ከመራጮች መዝገብ ጋር አመሳከሩ። ፎቶ አልባውን መልእክት ያዩት ሰዎች ምንም ካላዩት አልተለዩም። የጓደኞቻቸውን ፊት ያዩት ግን በጥቂቱም ቢሆን በልጠው ወጡ። በመቶኛ ሲታይ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ በሚሊዮኖች ሲባዛ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጥናቱ በ2012 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ሲወጣ፣ መልእክቱ በቀጥታ 60 ሺህ፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ተጋብቶ ደግሞ ሌላ 280 ሺህ ሰው ድምፅ እንዲሰጥ እንዳደረገ ገመተ።

መልእክቱ ለማንም አልወገነም። ምረጡ ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን ያው ቁልፍ ለአንዱ ፓርቲ ደጋፊዎች ብቻ ቢታይስ? ውሸት አልተነገረ፣ ጉቦ አልተሰጠ፣ ማስታወቂያ አልተለጠፈ። ያልታየው ሰው እንዳልታየው እንኳ አያውቅም፤ በሌላው ሰው ስልክ ላይ ምን እንደመጣ የምናውቅበት መንገድ የለንምና። በ2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማን እንደሚሆን የለየው በፍሎሪዳ የተገኘ የ537 ድምፅ ብልጫ ነበር። ይህን ቁጥር ያ መልእክት በድምሩ ድምፅ አሰጥቷል ከተባሉት 340 ሺህ ሰዎች ጋር አስተያዩት።

አሁን ወደ ማኅበራዊ መድረኮቹ ባለቤቶች እንምጣ። ኢሎን መስክ በ2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዙ፤ በዓመቱ ስሙን ኤክስ አሉት። በ2024 ከዶናልድ ትራምፕ ጎን ተሰልፈው ለምርጫው ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። ውጤቱን ይወስናሉ በተባሉት ግዛቶች ያሉ የተመዘገቡ መራጮች አንድ ሰነድ እንዲፈርሙ ጋብዘው፣ ከፈራሚዎቹ ለአንዱ በየቀኑ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርሰው አስታወቁ። ብዙዎች ዕጣ መስሏቸው ነበር። የፊላደልፊያ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሲያደርሰው ግን የመስክ ጠበቃ ተሸላሚዎቹ በዕጣ እንደማይወጡ፣ ለቃል አቀባይነት አስቀድመው የሚለዩ ሰዎች እንደሆኑ ተናገሩ። ዳኛው ሽልማቱ እንዲቀጥል ፈቀዱ።

ባለጸጋ ለፖለቲካ መክፈሉ ግን አዲስ ነገር አይደለም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከፋዩና የመድረኩ ባለቤት አንድ ሰው መሆናቸው ነው። እኚህ ሰው በገዛ መድረካቸው ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ተከታይ አላቸው፤ የማን ጽሑፍ ከላይ እንደሚወጣ፣ የማን ከታች እንደሚቀር የሚወስነው አልጎሪዝም ደግሞ በእጃቸው ነው።

ጋዜጣ የያዘ ከበርቴ ድሮም ነበር ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። በዚያው በ2024 የዋሽንግተን ፖስት ባለቤት ጄፍ ቤዞስ፣ ጋዜጣው ለፕሬዚዳንትነት ለሚወዳደር ዕጩ ድጋፍ እንዳይሰጥ ወሰኑ። ውሳኔው ለሁሉም እኩል ታየ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ አንባቢዎች ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። ትክክል ነበሩ፣ አልነበሩም የሚለውን ለናንተ እተወዋለሁ። ቁም ነገሩ አንባቢው ባለቤቱ ያደረገውን አውቆ መልስ መስጠቱ ነው። የአልጎሪዝም ለውጥ ሲደረግ ግን ማን ያውቃል? ለማን መልስ ይሰጣል?

የዊስኮንሲን መራጮች ያደረጉትም ይህንኑ ያረጋግጥልኛል። በ2025 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሲመረጥ፣ መስክና ከእርሳቸው ጋር የተያያዙ ቡድኖች ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ። እርሳቸው ራሳቸው ግሪን ቤይ ድረስ ሄደው መድረክ ላይ ለሁለት ሰዎች የአንዳንድ ሚሊዮን ዶላር ቼክ ሰጡ። የደገፏቸው ብራድ ሺመል ግን በሱዛን ክሮፎርድ በ10 ነጥብ ገደማ ተሸነፉ። ገንዘቡ አደባባይ ላይ ስለዋለ ራሱ የምርጫው አጀንዳ ሆነና ሕዝቡ ፈረደበት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ መራጩ የዋህ ነው፣ በቀላሉ ይነዳል የሚሉትን አልቀበልም። ያየውን ያመዛዝናል። ያላየውን ግን በምን ያመዛዝነው?

በሮማንያ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በኅዳር 2024 ለቅስቀሳ ምንም ገንዘብ አላወጣሁም ብለው ያስመዘገቡት ካሊን ጆርጄስኩ፣ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ከቁጥር ሳያስገቧቸው የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ የመጀመሪያ ዙር በአንደኝነት አጠናቀቁ። ቲክቶክ ላይ ግን ሞልተው ነበር። ይፋ የተደረጉ የደኅንነት ሰነዶች ተቀናጅተው ስለሚሠሩ አካውንቶችና ተከፍሏቸው ቪዲዮ ስለለቀቁ ተጽዕኖ ፈጣሪዎች አወሩ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘ። በዚያች ዕለት በውጭ አገር ያሉ ሮማንያውያን ለሁለተኛው ዙር ድምፅ መስጠት ጀምረው ነበር! ድምፁ የተሰረዘበት ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ቀድሞ ያልታየ ተጽዕኖ በመጨረሻ ሲታይ የሚቀረው መድኃኒት እንዲህ መራራ ነው፤ እኔ ለማንም ሕዝብ አልመኝለትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብርሃን እንዲገባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ግዙፎቹ መድረኮች የከፋዩ ማንነት ያለበት የማስታወቂያ ማኅደር እንዲከፍቱ፣ ለተመራማሪዎች መረጃ እንዲሰጡ፣ የተጠቃሚውን ማንነት ተከትሎ የማይደረደር ገጽ በአማራጭነት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ያልታዘዘ እስከ ዓመታዊ ገቢው 6 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። ጥሩ ጅምር ነው፤ አይበቃኝም። የመድረክ ባለቤት ለአንድ ዕጩ በይፋ ሲቆም፣ በምርጫው ወራት የእርሱና የዕጩው ጽሑፎች እንዴት እንደሚሰራጩ ገለልተኛ ወገን ይመርምር፤ ውጤቱም ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ይታተም። ተከፍሎት ስለ ዕጩ የሚያወራ ተጽዕኖ ፈጣሪም ማን እንደከፈለው እዚያው ቪዲዮው ላይ ይናገር።

ሕጉ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የሌላ ፓርቲ ደጋፊ የሆነ ወዳጅ ፈልጉ። ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ያንኑ መተግበሪያ በአንድ ሰዓት ክፈቱ፤ ከላይ የመጡላችሁን አሥር ጽሑፎች አስተያዩ። የትኞቹ ለሁለታችሁም መጡ? የትኛው ዕጩ ለአንዳችሁ ብቻ ታየ? ፎቶ አንሱት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ለምርጫ ታዛቢዎችና ለጋዜጠኞች አድርሱት።

አመሰግናለሁ።