የአና ሜይ ዎንግ ድምፅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ውድ አድማጮቼ። ሰሞኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ለእይታ የበቃውን «ፒካዲሊ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ስመለከት፣ በአንድ የለንደን የምሽት ክበብ ጓዳ ውስጥ ሳህን የምታጥበው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ስትጨፍር ዓይኔን ከእርሷ መንቀል አቃተኝ። ተዋናይቷ አና ሜይ ዎንግ ትባላለች፤ ዛሬ የማወራችሁም ስለዚህች ሴት ድምፅ ነው።

አና ሜይ በ1905 በሎስ አንጀለስ ከቻይናውያን ዘር ተወለደች፤ አባቷ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበራቸው። በ1922 ገና በ17 ዓመቷ የመሪ ተዋናይነት ሚና አገኘች። ሆኖም ሆሊዉድ የሚሰጣት ሚና ወይ የተንኮለኛ ወይ በመጨረሻ የምትሞት ሴት ስለነበረ፣ በ1928 ወደ አውሮፓ ተሻገረች።

ድምፅ አልባው ፊልም ውለታ ውሎላት ነበር ብዬ አምናለሁ። በምስሎቹ መካከል የሚገባው ጽሑፍ በየአገሩ ቋንቋ ስለሚቀየር፣ የበርሊኑም ሆነ የፓሪሱ ተመልካች በራሱ ቋንቋ የምታናግረው ያህል ይሰማው ነበር። በ1929 ለንደን ውስጥ ከወጣቱ እንግሊዛዊ ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪዬ ጋር መድረክ ላይ ስትወጣ ግን፣ ፊቷን አይተው የቻይናን ቃና የጠበቁት ሃያስያን ከአፏ የካሊፎርኒያን አነጋገር ሰሙና ነቀፏት። የተወለደችበትን አገር ቋንቋ እንደ አገሯ ሰው መናገሯ እንደ ጥፋት መቆጠሩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እርሷ ግን ገንዘቧን ከፍላ የንግግር መምህር ዘንድ ገባች፤ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛም አጠናች። በዚያን ዘመን አንዱን ፊልም በየቋንቋው እንደገና መቅረጽ የተለመደ ነበርና፣ በ1930 በወጣው የመጀመሪያ ባለድምፅ ፊልሟ አብረዋት የሚተውኑት ወንዶች ሲቀያየሩ፣ እርሷ ራሷ በእንግሊዝኛም፣ በጀርመንኛም፣ በፈረንሳይኛም ተናገረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዝነኛዋ ተዋናይት ከማርሌን ዲትሪክ ጋር የሠራችበትን «ሻንግሃይ ኤክስፕረስ» ያየ ሰው፣ ያ ዝግ ያለ፣ ጎርነን ያለ ድምፅ የፊልም ሥራዋን ሊያሰናክል ይችል ነበር ብሎ ማሰብ ይቸግረዋል።

እንቅፋቱ ድምፅ አለመሆኑን ያሳየኝ «ዘ ጉድ ኧርዝ» የተባለው ፊልም ነው። ታሪኩ የቻይና ገበሬዎች ታሪክ ሆኖ ሳለ፣ የገበሬው ሚስት ሚና ለጀርመን ተወላጇ ለሉዊዝ ራይነር ተሰጠ፤ ራይነርም በዚሁ ሚና ኦስካር ተሸለመች። የጀርመንኛ ቃና ያለው እንግሊዝኛዋ ሚናውን አላስከለከላትም። ለአና ሜይ የቀረበላት ቤት የምታፈርሰው ቁባት ሚና ነበር፤ እርሷም አልቀበልም አለች።

በ1936 ወደ ቻይና ተጓዘች። ቤቷ ስትሰማው ያደገችው የደቡቡ ዘዬ በሰሜን ስለማያግባባት፣ በ31 ዓመቷ ማንዳሪን የሚባለውን የሰሜኑን ቻይንኛ ለመማር እንደገና አስተማሪ ፊት ተቀመጠች።