ከልብስ መስቀያ ጎን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬም ድምፄን የምቀዳው ኮምቦልቻ ከሚገኘው ቤቴ ነው፤ የማነሣው ጉዳይ ግን ለማሰቃያና ለሞት ቅጣት ማስፈጸሚያ የሚውሉ ዕቃዎች ዓለም አቀፍ ንግድ ነው። ርእሱ ሩቅ መስሎ ቢታያችሁ አልፈርድባችሁም፤ የጉምሩክ አስተላላፊ ሆኜ ስሠራ እኔም ለዓመታት አስቤው አላውቅም ነበር።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ፍየል ሊገዛ ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ ሲወርድ ያስከትለኝ ነበር። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኝበት በዚያ ሜዳ ላይ አሮጌ የስቅላት እንጨት ቆሞ ነበር። ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ገበያተኛ እንዲያየው የተተከለ ነው» ብሎኝ ወደ ፍየሎቹ ዞረ። ዛሬ ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚወጣው ኮንቴይነር የሚያልፈው በዚያችው ባቲ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥቶ ከ2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለውን፣ በ2019 ደግሞ ከነማሻሻያዎቹ በአንድ ያጠቃለለውን ደንብ ሳነብ ያ እንጨት ትዝ አለኝ። ደንቡ ሰውን ከመግደልና ከማሰቃየት በቀር ሌላ አገልግሎት የላቸውም ያላቸውን ዕቃዎች፣ ማለትም የስቅላት መስቀያን፣ የኤሌክትሪክ ወንበርን፣ እስረኛ ላይ ታስሮ የሚነዝር ቀበቶን፣ የአውራ ጣት ካቴናንና እሾሃማ ዱላን፣ መላክንም ማስገባትንም ይከለክላል፤ ለሙዚየም ማሳያ የሚሆን ታሪካዊ ቅርስ ብቻ በፈቃድ ያልፋል።

ሥራዬ ነውና ዓይኔ የወደቀው ከየዕቃው ጎን በሰፈረው የታሪፍ ቁጥር፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃን በየዓይነቱ በሚመድብበት ቁጥር ላይ ነው። የስቅላት መስቀያ ከተመደበባቸው ቁጥሮች አንዱ 4421፣ «ሌሎች የእንጨት ውጤቶች» የሚባለው ነው፤ የእንጨት ልብስ መስቀያም የሚገባው እዚያው ነው። በአማርኛችን ሁለቱም «መስቀያ» ናቸው፤ ታሪፉም የለያቸው አልመሰለኝም። እግር ብረትም ከሚያርፍባቸው ቁጥሮች አንዱ 7326፣ «ሌሎች የብረት ዕቃዎች» ነው። ይህን ቁጥር ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! አንድ ጊዜ የዕቃ ዝርዝሩ «የብረት ዕቃ» ብቻ ይል ስለነበር፣ ሳጥኑን ሳላይ በ7326 ሞልቼ አስገባሁት፤ ሲፈተሽ የበር ማጠፊያ ሆኖ ተገኘ። ለማጠፊያ ሌላ ቁጥር ስላለ ከቅጣት ያመለጥኩት ለጥቂት ነው። ያን ዕለት ያሳሰበኝ ቅጣቱ ነበር፤ ዛሬ የሚያሳስበኝ ግን ሳላይ መሙላቴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው ማሻሻያ እንዲህ ያለውን ዕቃ በንግድ ትርኢት ማሳየትን፣ ማስተዋወቅን፣ በግዛቱ ማሻገርንና ማደላለልን ጭምር ከለከለ። ዕቃውን በእጁ ሳይነካ ሻጭና ገዥን ያገናኘ ደላላም ተጠያቂ ሆነ ማለት ነው፤ ለእኛ ሙያ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ታዮፔንታል ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት የሚያገለግል መድኃኒት ሲሆን፣ በአሜሪካ የሞት ፍርደኞችን በመርፌ ለመግደልም ውሏል። ይከልከል ቢባል በሽተኛ ይጎዳል፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በቅድሚያ ፈቃድ ብቻ እንዲላክ ተደረገ። ከአውሮፓ ውጭ ያለው ግን ገና ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የጋራ መመዘኛ እንዲጠና በ81 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ44 ድምፀ ተአቅቦ ወሰነ፤ ይህ ግን አስገዳጅ ውል አይደለም።

በደርግ ዘመን ወፌ ላላ የተገረፉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ስነግራቸው፣ «እኔን የሰቀሉኝ በአጣናና በገመድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ምን ቀረጥ አለው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ አጣናውን የሚመለከተው እርሱ እንጂ የእኔ ታሪፍ አይደለም። የእኔ ታሪፍ የሚመለከተው ፋብሪካ ሠርቶ፣ ካርቶን አድርጎ፣ ደረሰኝ ቆርጦ የሚልከውን ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ «ልዩ ልዩ የብረት ዕቃዎች» የሚል ዝርዝር ይዞልኝ መጣ። ሳጥኑ ተከፍቶ ሳላይ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ዕቃውን ለጉምሩክ የማሳውቅበትን ቅጽ፣ አልሞላም አልሁት። «የመጋዘን ኪራይ ይቆጥርብኛል» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው፤ ይቆጥርበታል።