በትንሽ ወጪ ስኪ መማር፦ ስለ ቡልጋሪያዋ ፓምፖሮቮ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በስልክ ስለ ስኪ ጉዞ ስናወራ ጥያቄው ከሰዓቱ በላይ ሆነብን፣ ስለዚህ በአየር ላይ በጥድፊያ ያለፍኳቸውንም ጭራሽ ያልደረስኩባቸውንም እዚህ ሰብሰብ አድርጌ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ ከጀርመን፣ ከጣልያንና ከእንግሊዝ ነው የደወላችሁት፣ ጥያቄያችሁም ተጨምቆ ሲወጣ "ይሄ ነገር ለሀብታም ብቻ ነው ወይስ እኛም እንችላለን" ነው። ትችላላችሁ፣ ግን ቦታውንና ሳምንቱን መምረጥ አለባችሁ።

ከኑረንበርግ የደወለች እህት፦ ሁሉም ሰው ኦስትሪያ ወይ ስዊዘርላንድ ነው የሚለው፣ አንተ ለምን ቡልጋሪያ ትላለህ? ባንስኮ የሚባለውን የቡልጋሪያ ስኪ ቦታ እንኳን ሰምቻለሁ፣ ፓምፖሮቮ የሚባል ግን ሰምቼም አላውቅ።

ምን መሰለሽ እህቴ፣ ስኪ እግሩ ላይ አስሮ ለማያውቅ ሰው ትልቅ ተራራ ምንም አይሰራለትም። ፈረንሳይ ውስጥ ትሯ ቫሌ የሚባለው ቦታ 600 ኪሎ ሜትር መንሸራተቻ አለው፣ አንቺ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት የምትውዪው አንዲት አጭር ለስላሳ ዳገት ላይ እየወደቅሽ እየተነሳሽ ነው፣ ታዲያ ለቀረው ሁሉ ኪሎ ሜትር ለምንድነው የምትከፍዪው? ፓምፖሮቮ ከጎረቤቷ ቼፔላሬ ጋር ተደምራ እንኳን ከዛ ጋር የምትወዳደር አይደለችም፣ ለጀማሪ ግን ይሄ ይተርፋል፣ ዳገቶቹም አብዛኞቹ ገር ናቸው። ቦታው በደቡብ ቡልጋሪያ ሮዶፒ ተራሮች ላይ ነው፣ ከግሪክ ድንበር ብዙም አይርቅም፣ ሆቴሎቹ 1,650 ሜትር አካባቢ ላይ ሲሆኑ የመጨረሻው ጫፍ ስኔዣንካ 1,926 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ከፍታው ያዞረኛል ብላችሁ እንዳትሰጉ፣ እዛ ጫፍ ላይ ቆማችሁም ከመስቀል አደባባይ ዝቅ ብላችሁ ነው ያላችሁት።

ባንስኮም ጥሩ ነው፣ ይበልጣልም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ተራራው በገመድ ለሚያወጣው ጎንዶላ የሚሰለፈው ሰው ብዛት የታወቀ ነው፣ የከፈልሽበትን ሰዓት ቆመሽ ነው የምትጨርሺው። በሌላ በኩል ስኪ የሚችል ሰው ፓምፖሮቮ ቶሎ ይሰለቸዋል፣ ለሱ የሚሆነው "ስተናታ" ማለትም ግድግዳው የሚሉት ቀጥ ያለ ጥቁር መንገድ ነው (መንገዶቹ በክብደት በቀለም ይለያሉ፣ ጥቁሩ ከሁሉም ከባዱ ነው)፣ ከሱ ሌላ ብዙም የሚፈትነው አያገኝም። ሜዲትራንያን ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ይበዛል፣ ደስ ይላል፣ ግን በረዶውም በዛው ልክ አንዳንዴ ይሳሳል፣ በማሽን ነው የሚሞሉት።

ከፍራንክፈርት የደወለ ወንድም፦ ብሩ የሚያልቀው የት ላይ ነው? ቤተሰብ ይዤ ነው የምሄደው።

ሰው ሁሉ ሊፍት ፓሱን፣ ማለትም ዳገቱን በሚያወጣው ሊፍት የሚሳፈሩበትን ቲኬት ነው የሚፈራው፣ ፓሱ እዚህም ቢሆን በነጻ አይደለም፣ ከትልልቆቹ የአልፕስ ቦታዎች ይቀንሳል እንጂ። ልዩነቱን በደንብ የምታየው ምግብ፣ ማደሪያና አስተማሪ ላይ ነው። እንዳትሸወድ የምልህ ሁለት ነገር አለ፣ አንደኛው የስድስት ቀን ሙሉ ፓስ ገና ሳትጀምር አትግዛ፣ ጀማሪ ክፍል ውስጥ ላለ ሰው የጀማሪዎቹ ሊፍት ብቻ ይበቃዋል፣ ብዙ ጊዜም ትምህርት ኪራይና ፓስ አንድ ላይ አድርገው ስለሚሸጡት መጀመሪያ እሱን ጠይቅ። ሁለተኛው ሆቴሉን ነው፣ ተራራው ላይ ከማደር ይልቅ ቼፔላሬ ከተማ ውስጥ ኩሽና ያለው አፓርታማ ተከራይተህ ሽሮህን እየሰራህ ብትውል ትልቅ ልዩነት አለው፣ ርቀቱ አስር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት የሚያመላልስ መኪና መኖሩን ግን አከራዩን ሳትጠይቅ እንዳትከፍል።

ወደ ሶፊያ ርካሽ በረራ አይጠፋም፣ ከዛ ፕሎቭዲቭ፣ ከፕሎቭዲቭ ደግሞ ሮዶፒ ከሚባለው መናኸሪያ ወደ ስሞልያን የሚሄደው አውቶቡስ ቼፔላሬን አልፎ ፓምፖሮቮ ያደርስሃል። መንገዱ ላይ በ1083 የተመሰረተው የባችኮቮ ገዳም አለ፣ ኦርቶዶክስ ነው፣ መሳለም ለሚፈልግ ከመንገዱ አይወጣም። ገንዘቡ ከጃንዋሪ 1 2026 ጀምሮ ዩሮ ሆኗል፣ ከዛ በፊት ሌቭ ነበር፣ ማንም ሌቭ መልስ ልስጥህ ቢልህ እሺ አትበል፣ ሱቅ ውስጥ አያገለግልም።

ከሙኒክ፣ ስሟ እንዳይጠራ የጠየቀች፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለኝ፣ ያስገቡኛል ወይ?

ቡልጋሪያ ከጃንዋሪ 1 2025 ጀምሮ ሙሉ ለሙሉ ሸንገን ውስጥ ናት፣ ስለዚህ ጊዜው ያላለፈ መኖሪያ ፈቃድና ፓስፖርት ካለሽ በቃ፣ በስድስት ወር ውስጥ እስከ 90 ቀን መሄድ ትችያለሽ። ስደተኛነታቸው ጸድቆ ሰማያዊውን የጉዞ ሰነድ የያዙትም ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር እንደዛው ናቸው። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ያለ ወይም ዱልዱንግ (ጀርመን ውስጥ መባረሩ ለጊዜው የታገደለት ሰው የሚይዘው ወረቀት) ይዛችሁ ያላችሁ ግን እባካችሁ ለሽርሽር ብላችሁ ድንበር እንዳትሻገሩ፣ መመለሱ ላይ ነው መከራው። የለንደኖቹ ደግሞ ልብ በሉ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የእንግሊዝ መኖሪያ ብቻ ሸንገን አያስገባም፣ ቪዛ ማውጣት አለባችሁ።

ከለንደን፦ ልብሱ ነው ያስፈራኝ፣ ፎቶ ላይ ሳየው ሁሉም ውድ ነው። ደግሞ ሹሩባ ነኝ፣ ሄልሜት ይገባል?

ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ ምክንያቱም ማንም አይነግራችሁም። ሹሩባው ከጭንቅላትሽ ጋር ተለጥፎ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ምንም ችግር የለውም እንደውም ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው፣ አናት ላይ ጠቅልለሽ ካሰርሽው ግን ሄልሜቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ስትወድቂ አይጠብቅሽም። ሄልሜቱን ለመለካት ብለሽ ያሰርሽውን ጸጉር ፈትተሽ ዕቃ አከራዩ ጋ እንዳትሄዲ፣ በምትንሸራተቺበት አሰራር ነው መለካት ያለብሽ። ሄልሜት ከሰው የተረፈ አትግዢ፣ አንዴ የተመታ ከሆነ ከውጭ አይታይም፣ ተከራዪው።

ልብሱን በተመለከተ ጂንስ ይቅር፣ ጥጥም ይቅር፣ ጥጥ ላብና በረዶ ጠጥቶ ያቀዘቅዝሻል። ከስር ቶሎ የሚደርቅ ስስ ነገር፣ መሀል ፍሊስ የሚሉት ሙቀት የሚይዝ ለስላሳ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ጃኬትና ሱሪውን ከጓደኛ ተዋሺ ወይ የተለበሰ ግዢ፣ ዴካትሎን የሚባለው የስፖርት ዕቃ ሱቅም ርካሹን አያጣም። ገንዘብሽን የምታወጪው ጓንትና ካልሲ ላይ ይሁን። ካልሲ ደግሞ አንድ ነው፣ ሁለት ስትደርቢ እግርሽ ይታፈንና የበለጠ ይበርድሻል፣ ቡቱ ውስጥም ከካልሲና ከእግርሽ በስተቀር ምንም አይግባ፣ የሱሪ ጫፍ ራሱ ቅልጥምሽን ያቆስለዋል። ቡቱን አስረሽ ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ጣትሽ ጫፉን ይነካል ጉልበትሽን ስታጥፊ ደግሞ ይለቃል፣ እንደዛ ከሆነ ልክሽ ነው።

ሰንስክሪን አትርሺ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን ተዪው፣ አዲስ በረዶ የፀሐዩን ጨረር እስከ 80 በመቶ ወደ ፊትሽ ይመልሰዋል፣ ከአገጭሽ ስር ሳይቀር ተቀቢ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ስኪውን ሲያከራዩሽ ኪሎሽን ይጠይቁሻል፣ እዚህ ጋ ሴቱም ወንዱም ይዋሻል! አትዋሹ። ስትወድቁ ቡቱን ከስኪው የሚያላቅቀው ማሰሪያ የሚስተካከለው በኪሎ፣ በቁመት፣ በዕድሜና በችሎታ ነው፣ አሳስታችሁ ከነገራችሁ ወይ ሳትወድቁ ይፈታባችኋል ወይ ወድቃችሁ አይፈታም፣ ያኔ ጉልበታችሁ ነው የሚጠመዘዘው።

ከሚላኖ፦ ጓደኛዬ ስለሚችል እሱ ያስተምረኛል፣ ለአስተማሪ መክፈል አለብኝ?

አለብህ። ጓደኛህ መንሸራተት ይችላል እንጂ ማስተማር አይችልም፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ለጀማሪ የማይሆን ቀይ መንገድ ይዞህ ወጥቶ "ና በቃ ቀስ ብለህ ውረድ" ይልሃል፣ ከዛ በኋላ ስኪም ጓደኝነትም የለም። ከሌላው ሁሉ ቀንሰህ ቢያንስ የሦስት ቀን የቡድን ትምህርት ግዛ፣ እዛ እንግሊዝኛ የሚናገሩ አስተማሪዎች ሞልተዋል። የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርበህ ኋላቸውን ከፍተህ መቆም ነው መጀመሪያ የምትማረው፣ እሱን ሳትችል ሊፍት ላይ እንዳትወጣ። ስትወድቅም ስኪዎቹን ከቁልቁለቱ ጋር አግድም አድርገህ ነው የምትነሳው፣ ወደ ታች ካዞርካቸው ይዘውህ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ደግሞ ቅድሚያ ያለው ከፊትህ፣ ከታች ያለው ሰው ነው፣ እሱ አያይህምና የምትጠነቀቀው አንተ ነህ።

ከስቱትጋርት የደወለች እህት፦ መቼ ይሻላል? ጾም ላይ እንዳይሆንብኝም ፈልጋለሁ።

እኔ የምለው ከገና እስከ ነነዌ ያለውን ጊዜ ነው። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ላይ ዋጋው ጣራ ይነካል፣ የኛ ገና ሲያልፍ ግን ሰዉ ወደየቤቱ ይመለሳል፣ በረዶውም በዛ ሰሞን የተሻለ ነው፣ ጾመ ነቢያትም ተፈትቷል፣ ረቡዕና ዓርብን፣ የጥምቀት ዋዜማ ገሃድንም ብቻ ነው የምታስቢው። ፌብሩዋሪ ላይ የየአገሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደገና ይወደዳል፣ ማርች 3 ደግሞ የቡልጋሪያ ብሔራዊ በዓል ስለሆነ የአገሩ ሰው ራሱ ይወጣል።

ሁዳዴ ላይ ከመሄድ ውጪ አማራጭ የለኝም ካልሽ ቡልጋሪያ ከኦስትሪያ ትሻልሻለች፣ እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ፋሲካችን አንድ ቀን ይውላል፣ የኛ ጾም በአንድ ሳምንት ቀድሞ ይገባል እንጂ። ምግብ ስታዢ "ፖስትኖ" በይ፣ የጾም ማለት ነው። ቦብ ቾርባ የሚሉት የቦሎቄ ሾርባ ያለ ስጋ ሲሆን ልብ ያደርሳል። ፓታትኒክ የሚባለው የሮዶፒ የድንች ምግብ ግን ያታልላል፣ ድንችና ሽንኩርት ብቻ ይመስላል፣ ውስጡ አይብና እንቁላል ብዙ ጊዜ አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመሽ ግን ተራራ ላይ አትዋዪ፣ እግር ሲዝል ነው አደጋ የሚመጣው፣ የንስሐ አባትሽን አማክሪ ወይ ሌላ ሳምንት ሂጂ። ደግሞ አስተናጋጁ ራሱን ግራ ቀኝ ቢያወዛውዝ እምቢ አለኝ ብለሽ እንዳትነሺ፣ ቡልጋሪያ ውስጥ እሱ እሺ ነው፣ ላይና ታች መነቅነቁ ነው እምቢታ።

ከሮም የደወሉ እናት፦ ልጆቼ እንሂድ ይሉኛል፣ እኔ ስልሳ አልፌያለሁ፣ ምን ልሰራ ነው እዛ?

እማማ፣ ቁልቁለቱን ለልጆቹ ይተዉላቸው፣ እርስዎ ሜዳ ለሜዳ የሚኬድበትን የሀገር አቋራጭ ስኪ ይሞክሩ፣ ፍጥነት የለውም፣ እንደ እርምጃ ነው። የኛው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደረው በዚህኛው ነው። ቼፔላሬም የዚህ ስፖርት አገር ናት፣ በ1998 ናጋኖ ኦሎምፒክ በባያትሎን፣ ማለትም የሀገር አቋራጭ ስኪና ተኩስ በተጣመሩበት ውድድር፣ ወርቅ ያገኘችው ኤካተሪና ዳፎቭስካ የዛች ከተማ ልጅ ናት። ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪምዎን ይጠይቁ፣ ካልሆነም በሊፍቱ ስኔዣንካ ወጥተው እዛ ጫፍ ላይ ያለው ማማ ጋ ሻይ መጠጣት ማንም አይከለክልዎትም።

ከዱባይ፦ እኛስ? እዚህ ሆነን መለማመድ ይቻላል?

ሞል ኦፍ ዘ ኤምሬትስ ውስጥ ያለው ስኪ ዱባይ ከ2005 ጀምሮ አለ፣ ረጅሙ መንገዱ 400 ሜትር ነው፣ መቆምና መዞርን ለመማር በቂ ነው። እዛ አንድ ሁለት ትምህርት ወስዶ የሄደ ሰው ቡልጋሪያ ላይ የመጀመሪያውን ቀን ያተርፋል። የሸንገን ቪዛው ጊዜ ስለሚወስድ ግን ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት እሱን ጨርስ።

ከኮሎኝ፣ በጽሑፍ የመጣ፦ የጤና መድን ካርዴ ይበቃል ወይ?

ግማሹን ብቻ። የአውሮፓው ካርድ መንግሥት ሆስፒታል ስትገባ ይሰራል፣ ከተራራ ላይ በበረዶ ሞተር ወይ በአልጋ የሚያወርዱህን፣ የግል ክሊኒኩንና እግርህ ተሰብሮ ወደ ጀርመን የምትመለስበትን ወጪ ግን አይከፍልም። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዛ "የክረምት ስፖርት" የሚል መኖሩን አንብብ፣ ተራውን ገዝተህ ስኪ ላይ ከተጎዳህ አልተካተተም ይሉሃል። ከተለመደው የሚጨምረው ብዙ አይደለም፣ የውሉን ቁጥርና ስልኩንም ጃኬት ኪስህ ውስጥ ያዘው፣ ሆቴል ሻንጣ ውስጥ ያለ ወረቀት ተራራ ላይ አይጠቅምህም።