ያቺን መስመር መልሱልን
(በሐዋሳ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የቦርድ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አደራችሁ?

ፕሮግራሙ ላይ የብድር ኮሚቴውን ሪፖርት አቀርባለሁ ተብሎ ተጽፏል። ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው፤ ለተቀሩት ደግሞ በየምድባችሁ ተነቧል። ጥያቄ ካለ ከሰዓት በኋላ እመልሳለሁ። አሁን የተሰጠኝን ጊዜ ለሌላ ጉዳይ እፈልገዋለሁ። የ2018 የበጀት ረቂቅ አራተኛው ገጽ ላይ «ለወርኃዊ ስብሰባ ቡና» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ተሰርዛለች። እኔ የቆምኩት ለእሷ ነው።

«ይሄን ሁሉ አጀንዳ ትታ ስለ ቡና?» የምትሉ አላችሁ። ታገሡኝ።

ቁጠባን ለእናንተ ማስተማር አልችልም። ከጉልት ትርፋችሁ ላይ ሳንቲም እየለያችሁ ይህን ማኅበር ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዘይቱም ጤፉም ሽቅብ ሲወጣ ወርኃዊ መዋጯችሁን ያላቋረጣችሁ እናንተ ናችሁ። በየቤታችን ጤፉ ከሩዝ ጋር ተቀላቅሏል፤ ሥጋ የዓመት በዓል ሆኗል፤ የልጆች ልብስ ከልባሽ ተራ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም መጥቶ «ታባክናላችሁ» ሊለን አይገባም። ሆኖም ተብለናል።

በ2014 ኅዳር ላይ፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ስለ ቤተሰብ በጀት ሥልጠና የሰጠንን ወጣት ታስታውሳላችሁ። ከየት መሥሪያ ቤት እንደመጣ አልናገርም፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ቡና፣ ስኳር፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ፈንዲሻ ብሎ ደረደረ። የእያንዳንዱን ዋጋ ጻፈ፣ ደመረ፣ በ365 አባዛ። ድምሩን ከበበውና «ይሄ ገንዘብ በየዓመቱ ጭስ ሆኖ ይወጣል» አለን። ከዚያ በቀይ ማርከር «ቡና» የሚለውን ቃል ከላይ እስከ ታች ሰረዘው። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ቤቴም ሄጄ ታዘዝኩት። የብድር ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ፤ አርአያ መሆን አለብኝ ብዬ ጀበናውን አጠብኩ፣ ሲኒዎቹን በጋዜጣ ጠቀለልኩ፣ ረከቦቱን ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ግቢያችን አምስት ቤት ነው። ለስንት ዓመት ረቡዕና እሑድ ቡናው የሚፈላው እኔ በረንዳ ላይ ነበር። ጎረቤቶቼ የመጀመሪያውን እሑድ ብቅ ብለው አዩና፣ ከሰል አለመያያዙን ሲያዩ ዝም ብለው ተመለሱ። በሁለተኛው አልመጡም። ሦስት ወር እንዲሁ አለፈ።

በዚያን ጊዜ ከግቢው ክፍሎች አንዱን ሦስት ልጆች ተከራይተውት ነበር። ሦስቱም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ከአርቤጎና የመጣች፣ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ ልጅ ናት። ዛሬ የዚህ ማኅበር አባል ናት። ታሪኳን የምናገረው ጠይቄያት፣ ፈቅዳልኝ ነው።

ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ታስገባበት ከነበረው ከአጎዋ የወጣችው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ነው። እኛ በሬዲዮ የሰማነው ዜና ለእነዚያ ልጆች ደመወዝ ነበር። ትዕዛዝ ሲቀር ሠራተኛ ይቀነሳል፤ ይህች ልጅ ጥር ላይ ተቀነሰች። ለማንም አልተናገረችም። ጓደኞቿ የሚሠሩት በሌላ ሼድ ስለነበር አላወቁም። በየማለዳው ምሳ ዕቃዋን ይዛ አብራቸው ትወጣለች፤ ሰርቪሱ ጋ ስትደርስ «እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ» ትልና ወደ ፍቅር ሐይቅ ታጥፋለች። ሾላው ሥር ተቀምጣ ቀኑን ታሳልፋለች። ምሳዋን እዚያው ትበላለች። አሥር ሰዓት ሲሆን እንደ ሠራተኛ ደክማ ትገባለች። እኔ በየማታው «እንዴት ዋልሽ ልጄ?» እላታለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ» ትለኛለች። በሬ ከበሯ አሥር እርምጃ አይሞላም። አላወቅኩም!

የካቲት ላይ የአክስቴ ልጅ ከበንሳ መጣች። ከጓሮዋ የተለቀመ፣ ራሷ ያደረቀችውን ጥሬ ቡና በቀረጢት ይዛልኝ መጣች። እንግዳ ያመጣውን ቡና ሳያፈሉ ማሳደር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ረከቦቱን አወረድኩ። ቡናውን አጥቤ ምጣዱ ላይ ሳደርገው፣ መጀመሪያ እንደ እሸት በቆሎ ሸተተ፣ ከዚያ መንጣጣት ጀመረ፣ ከዚያ ያ የምታውቁት ጭስ ተነሣ። ማንንም አልጠራሁም። ሙቀጫውን ሳላነሣ ግቢው በረንዳዬ ላይ ነበር። ያቺም ልጅ ከጓደኞቿ ጋር መጣች።

አቦሉ በጨዋታ አለፈ። ቶናው ሲቀዳ ልጅቱን አየኋት። ሲኒዋን በሁለት እጇ ይዛለች እንጂ አትጠጣም። ቡናው ቀዝቅዞ ፊቱ ላይ ስስ ቆዳ አውጥቷል። «ምነው፣ ስኳር አነሰው?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። በረካው ሲቀርብ ሲኒውን መሬት አስቀመጠችና «እትዬ፣ እኔ እኮ ከሥራ ወጥቻለሁ፤ ወር ሊሞላኝ ነው» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ጓደኞቿም አለቀሱ፣ እኔም ጭምር።

እንባው ሳይደርቅ ከዳር የተቀመጠችው ዩኒፎርም ሰፊ ጎረቤታችን «ነገ ጠዋት ነይ፤ የቆመ ሲንጀር የስፌት መኪና አለኝ» አለቻት። በቃ። ከዚህ ሌላ ንግግር አልነበረም። ልጅቱ በማግስቱ ሄደች። ቆይታ የማኅበራችን አባል ሆነች፣ ቆጠበች፣ ዋስ አቅርባ ተበደረች፣ የራሷን የስፌት መኪና ገዛች፣ ብድሩንም ቀኑን ሳታሳልፍ ከፍላ ጨርሳለች። ሰነዱ እኔ ዘንድ አለ።

እንግዲህ ያ አሠልጣኝ ሰሌዳው ላይ ያባዛው ሒሳብ ውስጥ ይህ የት አለ? በ365 ሲባዛ ስንት ይመጣል?

ሒሳብ ከተባለ እኔም አሰላለሁ። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና በእኔ እጅ ስምንት ጊዜ ይፈላል፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ወር ሙሉ ማለት ነው። ስድስት ሰው ሦስት ሦስት ሲኒ ቢጠጣ 144 ሲኒ ይወጣዋል። አራት ቤት ተራ ቢገባ ደግሞ አንዱ ቤት በወር የሚያወጣው 125 ግራም ነው። ይህን ተዉ የተባልነው እኛ ነን። እኔም በእነዚያ ሦስት ወራት ራሴን እየፈለጠኝ ፒያሳ እየወረድኩ ለብቻዬ ማኪያቶ ስጠጣ ነበር። ደብተሬን ሳየው ከቤቱ ቡና የበለጠ ወጥቶብኛል፤ አጠገቤ ግን ማንም አልነበረም።

ቡናው ደግሞ የማን ነው? አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይለቀማል። የሚለቅሙት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። በ2012 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነው፤ የውጭ ገዢ በጨረታ ተሻምቶበታል። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ተሻምቶ የሚጠጣውን፣ አምራቿ በስኒ ስትጠጣው ብክነት የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ባለጸጋው ሆቴል ውስጥ ሐይቁን እያየ ሲጠጣ «ተዝናና» ይባላል። ድሃዋ ከሰል ፊት በርጩማ ላይ ስትቀመጥ «አባከነች» ትባላለች። ይህን ቃል አልቀበልም! የቀረንን አንድ ደስታ ሰርዘው ስሙን ቁጠባ ሲሉት አልቀበልም!

የሚሰረዝ ነገር ጠፍቶ አይደለም። የብድር ማመልከቻ የማነብ ሰው ነኝ። «ለቤት እድሳት» ተብሎ ተወስዶ ለልደት ዲኮርና ለኬክ የዋለ ብድር አይቻለሁ። ደህና ስልክ እያለ ለአዲስ ስልክ ዋስ የሚፈልግ አይቻለሁ። ለአንድ ቀን ሠርግ ሁለት ዓመት ዕዳ የሚገፋ ቤት አለ። ቀዩን ማርከር እዚያ አምጡት፤ አብሬያችሁ እሰርዛለሁ። ቡና ላይም ቢሆን ቅጥ ያጣ አለ፤ ለፎቶ ተብሎ ረከቦት ዙሪያ ለስላሳና ብስኩት መደርደር ይቅር። አንድ ጭብጥ ቆሎ ይበቃል። ዕጣን የማያጨስ ቤት አለ፤ ይከበራል፤ ቡናው ግን ለሁላችንም አንድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ብድር ኮሚቴ ልናገር። እኛ መሬትና ቪላ በመያዣ አንይዝም። መያዣችን ዋስ ነው፣ ዋስ የሚሆነው ደግሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ጎረቤቷ ምን እንደምትሠራ፣ ባሏ መታመሙን፣ ልጇ ከትምህርት መቅረቱን የማያውቅ ሰው በምን ልቡ ይፈርማል? ስብሰባችን ላይ ቡና ሲኖር አባላት ቀድመው ይመጡ ነበር፣ ዘግይተው ይሄዱ ነበር። ክፍያ ሊያቅታት የሆነች እናት ከቀኑ በፊት ጆሮዬ ላይ ሹክ ትለኝ ነበር፤ እኛም ጊዜውን እናስተካክልላት ነበር። አሁን ከፍሎ፣ ፈርሞ፣ ውልቅ ነው። ችግሩን የምንሰማው ክፍያው ካለፈ በኋላ ነው።

ከቡና ሌላ ሊሰረዙ የማይገባቸው ሁለት ትንንሽ ደስታዎችም ጽፌ ነበር። አንዱ በወር አንድ እሑድ ልጆችን አሞራ ገደል ወስዶ የተጠበሰ ቆሮሶ ማብላት ነው፤ አባ ኮዳ የተባለውን ትልቅ ወፍ በነጻ ያዩታል፣ አንድ ዓሣም ለሁለት ልጅ ይሆናል። ሁለተኛው ጥሩ ሳሙና ነው፤ ስለ እሱ እናቶች ታውቃላችሁ። ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ እነዚህን አልፋቸዋለሁ።

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የመጨረሻው ሥልጣን የዚህ ጉባኤ ነው። ቦርዱ ያረቅቃል፣ እኛ እናጸድቃለን። ስለዚህ የውሳኔ ሐሳቤን አቀርባለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ይመዝግብልኝ። አራተኛው ገጽ ላይ የተሰረዘችው መስመር ትመለስ። ገንዘቡ ከብዶ ከሆነ ማኅበሩ ከሰሉንና ስኳሩን ብቻ ይቻል፤ ቡናውን እኛ አባላት በየወሩ በተራ ከቤታችን እናምጣ። ጀበናው የእኔ ይሁን። የመጀመሪያውንም ወር ተራ እኔ እይዛለሁ። ከእኔ ቀጥሎ የሚመዘገብ እጁን ያንሣ።