የፊደል ገበታ እንደ መጀመሪያ የፕሮግራም ትምህርት

[በማያ ገጹ ላይ፦ የፊደል ገበታ፤ የ«በ» ረድፍ ደምቆ ይታያል]

በአራት ኪሎ ወይም በአምስት ኪሎ ግቢ የኮምፒውተር ሳይንስን የሚጀምር ተማሪ፣ መረጃ በረድፍና በዓምድ ተደራጅቶ እንደሚቀመጥ ሲነገረው ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ሆኖም ይኸው ተማሪ ገና ማንበብ ሳይችል እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ በቃሉ አጥንቷል፤ እርሱም የፊደል ገበታ ነው። መምህራን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባዕድ ምሳሌ ይልቅ ይህንን ገበታ ቢመርጡ ተማሪው አዲሱን ሐሳብ በሚያውቀው ነገር ላይ ይገነባል።

ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር (ኮድ) የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በዩኒኮድ ግን «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ ተመድቧል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሲሆኑ፣ ስምንተኛው ብዙውን ጊዜ እንደ «ሏ» ላሉት ዲቃላዎች ነው። ስለዚህ «ለ» የሚጀምረው 4616 ላይ ነው።

[በማያ ገጹ ላይ፦ 4708 − 4608 = 100፤ 100 ለ8 ሲካፈል 12፣ ቀሪ 4]

«ቤ»ን እንውሰድ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ኦርድ (ord) የሚባለው ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል፣ ኮዱ 4708 መሆኑን ይነግረናል። ከዚህ ላይ 4608 ስንቀንስ 100 ይቀራል፤ 100ን ለ8 ስናካፍል ደግሞ 12 ደርሶ 4 ይተርፋል። ከዜሮ ጀምረን በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ስንቆጥር 12ኛው ረድፍ የ«በ» ነው፤ ቀሪው 4 ደግሞ፣ አሁንም ከዜሮ ሲቆጠር፣ ኃምስ ማለት ነው። ተማሪው ማካፈልንና ቀሪን፣ ከዜሮ መቁጠርን፣ እንዲሁም ሰንጠረዥ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ በአንድ መስመር የሚዘረጋበትን መንገድ በዚህ አንድ ስሌት ያገኛቸዋል። በእኔ እምነት ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት ተማሪዎች ይህንን በወረቀት ላይ፣ የየራሳቸውን ስም ፊደላት ይዘው ሊሠሩት ይገባል፤ በእጁ ያልተከተለውን ስሌት ለማሽን በትክክል ማዘዝ የሚችል ጀማሪ ጥቂት ነውና።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የስም ፍለጋ ነው። አንዲት ተማሪ ስሟን «ፀሐይ» ብላ አስመዝግባ የሬጅስትራር ሠራተኛው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልጋት፣ ኮዶቹ ስለሚለያዩ ፕሮግራሙ የለችም ይላል። መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ፋንክሽን መጻፍ ነው፤ «ፀ» ከ«ጸ» በ8፣ «ሐ» ከ«ሀ» በ16 ስለሚበልጥ መቀነስ ብቻ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ሌላ ሰው «ጸሃይ» ብሎ ሲፈልግ መቀነሱ አይሠራም፤ «ሃ» እዚያው በ«ሀ» ረድፍ ያለ ራብዕ በመሆኑ የራሱ ደንብ ያስፈልገዋል። ተማሪው ይህንን ራሱ እንዲደርስበት ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው። ከዚሁ ጋር አብሮ ሊነገረው የሚገባ ጉዳይ አለ፦ የሚለወጠው ለፍለጋ የተዘጋጀው ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ የተማሪዋ ስም ራሷ በጻፈችው መልክ ተከብሮ መቀመጥ አለበት።

[በማያ ገጹ ላይ፦ ከ4608 ጀምሮ ፊደላትን በተራ የሚያትም ፕሮግራም]

ለላብራቶሪው ክፍለ ጊዜ የሚሆነው ሥራ ፊደላቱን በሉፕ፣ ማለትም አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ በሚያሠራ መንገድ፣ ማተም ነው። ፕሮግራሙ «ቈ»ን ካተመ በኋላ 4681 ላይ ሲደርስ ባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ቀጥሎም «ቊ» ይመጣል። የ«ቈ» ረድፍ ካዕብ ስለሌለው ቦታው ሳይሞላ ተትቷል። ፕሮግራሙ እንዲህ ያሉትን ክፍተቶች ለይቶ እንዲያልፍ ማድረግ የተማሪው የቤት ሥራ ይሁን።