የጉጃራቲዎች ሰርግ ላይ በጊዜ እንድረስ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

እዚህ ለንደን፣ በተለይ ዌምብሊና ሃሮው አካባቢ፣ ጉጃራቲ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። መሠረታቸው ምዕራብ ህንድ ነው። ብዙዎቹ ግን እዚህ የደረሱት በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ነው፤ የኡጋንዳዎቹን ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 ነው ያባረራቸው። ሰርግ ሲኖራቸው አክብረው ይጠሩናል። እኛስ? አርፍደን ምግቡ ላይ ከች እንላለን። ዛሬ የምለምናችሁ ይህን እንድንተው ነው፤ የሰርጉ ቁም ነገር ያለው ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ነውና።

የማወራው ስለ ሂንዱዎቹ ነው፤ ሙስሊሞቹና ፓርሲዎቹ (ከጥንት ፋርስ የመጡት የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች) የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የመዘገበውን ጋርባ፣ ያንን ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ የሚዞሩበትን ጭፈራ፣ መቼም ታውቁታላችሁ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰርጉ በፊት ባለው ምሽት ስለሚያልቅ አልፈዋለሁ።

እኔን ከሁሉም የሚነካኝ የአጎት ድርሻ ነው። የሙሽሪት እናት ወንድም ከሰርጉ በፊት ስጦታ ተሸክሞ ይመጣል፤ ማሜሩ ይሉታል። ጌጥ አለ፣ አምባር አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፓኔታር የሚባለው ጠርዙ ቀይ የሆነ ነጭ የሐር ሳሪ አለ። ሙሽሪት የምትዳረው ይህን ለብሳ ነው፤ በኋላ የባሏ ቤተሰብ ጋርቾሉ የሚባለውን ቀይ ልብስ ከላይ ይደርቡላታል። ድሮ መሬት የሚወርሱት በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ስለነበሩ፣ የተዳረች ሴት ከተወለደችበት ቤት የሚደርሳት በእንዲህ ያለው ስጦታ ነበር። ህንድ ሴቶች ልጆች በቤተሰብ ንብረት ላይ እኩል መብት እንዲኖራቸው ሕጉን ያሻሻለችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሕጉ ተቀየረ፣ አጎት ግን አሁንም ይመጣል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ስጦታው የፉክክር ጉዳይ ሲሆን ያሳዝናል፤ የአጎት ክብሩ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንሂድ። ሙሽራው በአጀብ፣ በከበሮ ይደርሳል። አማቱ መብራት ይዛ ትቀበለውና ግንባሩን ትቀባዋለች። ከዚያ በእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ዕቃዎች ታነሳለች፤ ቀንበር፣ ዘነዘና፣ የእርጎ መናጫ፣ እንዝርት። አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ታዞራቸዋለች። እርሻው፣ ወፍጮው፣ ከብቱ፣ ፈትሉ፣ ቤት የሚቆምበት ሥራ ሁሉ እዚያ እጇ ላይ ነው። ሙሽራው መሬት ላይ የተቀመጡ ሁለት የሸክላ ጽዋዎችን በእግሩ ይሰብራል። በመጨረሻ አማቲቱ አፍንጫውን ለመያዝ እጇን ትሰዳለች፤ እሱ ይሸሻል፣ ጓደኞቹ ይከላከላሉ፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። ጨዋታ ነው፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፦ ልጃችንን ልትለምን ነው የመጣኸው፣ ዝቅ በል!

ከዚያ ሙሽራው ዳሱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ መጋረጃ ይያዛል። ሙሽሪትን አጅቦ የሚያመጣት ያው አጎት ነው። መጋረጃው ይወርዳል፣ እጆቻቸው ይያያዛሉ። ብዙ የህንድ ሰርጎች ላይ ሙሽሮቹ ዳሱ ውስጥ የሚነደውን ቅዱስ እሳት ሰባት ጊዜ ይዞራሉ፤ ጉጃራቲዎቹ አራት ጊዜ ነው፣ ለጽድቅ፣ ለሀብት፣ ለፍቅርና ለነፍስ ነፃነት። ሲዞሩ የሙሽሪት ወንድም እሳቱ ላይ የሚጨመር ገብስና ሰሊጥ እጃቸው ላይ ያደርግላቸዋል። አራተኛው ዙር ሲያልቅ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ፤ ቀድሞ የተቀመጠ ቤቱን ይገዛል ስለሚባል ሁለቱም ወንበሩ ላይ ይሽቀዳደማሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሙሽሪት እህቶች የሙሽራውን ጫማ ሲሰርቁ ብታዩ ለማስጣል አትነሱ። ገንዘብ ከፍሎ ነው የሚያስመልሰው፤ ድርድሩ ራሱ ደስ ይላል።

አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።